ርቀቱን ሳይሆን ቅርበቱን እንግዛ፦ ስለ ገመድ አልባ ማይክራፎን ምርጫ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የሰጡትን የመጨረሻ የሠርቶ ማሳያ ትምህርት በቪዲዮ ለማስቀረት ከተሰባሰብነው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ካሜራው ጥሩ ነበር፤ ብርሃኑም ተስተካክሏል። በመምህሩ ኮት ላይ ደግሞ ማሸጊያው «200 ሜትር» የሚል ጽሑፍ የታተመበት አዲስ ገመድ አልባ ማይክራፎን ተሰክቷል። መምህሩ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠለ የብረት ኳስ እያወዛወዙ፣ የፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ በኳሱ ክብደት የማይወሰነው ለምን እንደሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል አስረዱ። ማታ ቪዲዮውን ስንከፍት ግን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ባዞሩ ቁጥር ድምፃቸው እየተቆራረጠ ይጠፋል። ወደ ሰሌዳው የሚዞሩት ደግሞ ቀመሩን ለመጻፍ፣ ማለትም ትምህርቱ ዋና ነጥቡ ላይ ሲደርስ ነው። ካሜራው ከመምህሩ 8 ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር።

ዛሬ ተማሪውም መምህሩም የላቦራቶሪ ሙከራን፣ የክበብ ውይይትንና የማጠናከሪያ ትምህርትን በስልክ እየቀረጸ ለሌሎች ያካፍላል። ማይክራፎን ለመግዛት ወደ መደብር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን «ስንት ሜትር ይስባል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ወይም አራተኛ መሆን ሲገባው አንደኛ መሆኑ ገንዘባችንንም ትምህርታችንንም እያባከነብን ነው የሚል እምነት አለኝ። አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ማይክራፎኑ ለአፍ ምን ያህል እንደሚቀርብ ነው። ቀጥሎ በማስተላለፊያውና በመቀበያው መካከል ምን እንደሚቆም፣ በመጨረሻም የሬዲዮ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ምን እንደሚተርፍልን መጠየቅ ይገባናል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከድምፅ ባሕርይ እንነሣ። ድምፅ ከምንጩ በራቀ መጠን ኃይሉ በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። በግርድፍ ስሌት ከአፍ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ደረት ላይ የተሰካ ማይክራፎን፣ 2 ሜትር ርቆ ካሜራ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ በ10 እጥፍ ይቀርባል። ስለዚህም በቀጥታ የሚደርሰው የንግግር ድምፅ 100 እጥፍ፣ ማለትም በ20 ዴሲቤል ይበረታለታል። በአንጻሩ ከሲሚንቶ ግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ እየነጠረ የሚመለሰው ማስተጋባት በክፍሉ ውስጥ የትም ብንቆም መጠኑ ብዙ አይለያይም። ካሜራው ላይ ያለው ማይክራፎን ከመምህሩ ይልቅ ክፍሉን የሚቀዳው በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። «መታ» እና «መጣ»፣ «ከበረ» እና «ቀበረ» የሚለያዩት በአንዲት ተነባቢ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያቺም ድምፅ ከሰከንድ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ በላይ አትቆይም። የቀደመው ድምፅ ማስተጋባት በላይዋ ላይ ሲያርፍ ልዩነቷ ይደበዝዛል። በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ የሚያዳምጥ፣ ጠያቂም መምህርም አጠገቡ የሌለ ተማሪ ቃሉን በግምት ለመሙላት ይገደዳል። ደብዛዛ ሥዕል ያለውን ትምህርት ዓይንን ጠበብ አድርጎ መከታተል ይቻላል፤ ያልተሰማን ማብራሪያ ግን ምንም ዓይነት ሥዕል አይተካውም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክራፎን የሚጠቅመን ለአፍ ቅርብ በመሆኑ እንጂ ገመድ አልባ በመሆኑ አለመሆኑን ነው። ይህን ያህል አነስተኛና ርካሽ ማይክራፎን ለመሥራት መንገድ የከፈተው ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የሠሩት የኤሌክትሬት ማይክራፎን ነው። ተናጋሪው ተቀምጦ ወይም አንድ ቦታ ቆሞ የሚያስረዳ ከሆነ 6 ሜትር ያህል ገመድ ያለው ተራ ማይክራፎን ይበቃዋል። ገመድ ባትሪ አይጨርስም፤ በዋይፋይም አይታወክም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መሰኪያው ላይ ነው። ለስልክ የተሠራው መሰኪያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥቋቁር ቀለበቶች ሲኖሩት የካሜራው ሁለት ብቻ አሉት። ክቡ ቀዳዳ የሌላቸው አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ተገቢውን ማገናኛ ይሻሉ።

ተናጋሪው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ገመድ አልባው በእርግጥ ያስፈልጋል። ዛሬ በገበያ የበዙት ትንንሾቹ ዲጂታል ማይክራፎኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚጠቀሙበት ይኸው የሞገድ ክልል ነው። የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ውኃ የበዛበት የሰው አካል ደግሞ ብዙውን ክፍል ይመጥበታል። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ርቀት ብዙውን ጊዜ የሚገልጸው እንቅፋት በሌለበት ገላጣ ሜዳ የሚገኘውን ነው። የእኛ መምህር ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ ደረታቸው ላይ ባለው ማስተላለፊያና ካሜራው ላይ ባለው መቀበያ መካከል የገዛ አካላቸው ቆመ። መቀበያውን ከካሜራው ነቅለን በአጭር ገመድ ወደ ሰሌዳው ጎን ብናስጠጋው ኖሮ፣ ወይም ማይክራፎኑ ደረት ላይ ሆኖ ማስተላለፊያው በጀርባ በኩል ቀበቶ ላይ ቢታሰር ኖሮ ያ ትምህርት ባልጠፋ ነበር።

እንግዲህ ገዢው ከርቀቱ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ። አንደኛው፣ ማስተላለፊያው ድምፁን በራሱ ውስጥ መቅዳት ይችላልን? የሚችል ከሆነ የሬዲዮው ግንኙነት ቢቋረጥም ትምህርቱ ደረት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለተኛው፣ መቀበያው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለውን? እየቀዱ የማያዳምጡ ሰዎች ጥፋቱን የሚያውቁት እንደኛ ማታ ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ያሉት ባለ 50 ሜትር ማይክራፎን፣ ሁለቱም ከሌሉት ባለ 200 ሜትር ይሻላል። «ጫጫታን ያጠፋል» የሚለውም ማስታወቂያ አያዘናጋን። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ንግግሩን ከዋጠው በኋላ መሣሪያው ጫጫታውን ቢቀንስም የተዋጠውን ቃል መልሶ አያመጣም።

በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። በአሜሪካ በ700 ሜጋ ኸርዝ ክልል የሚሠሩ ገመድ አልባ ማይክራፎኖች እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2010 ጀምሮ ተከልክለዋል። በ600 ሜጋ ኸርዝ ክልል የሚሠሩት አብዛኞቹም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ታግደዋል፤ ክልሎቹ ለሞባይል አገልግሎት ተሰጥተዋልና። በርካሽ የተገኘ ያገለገለ ማይክራፎን ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛት በፊት በጀርባው የተጻፈውን የሞገድ ክልል ማንበብ ይገባል። በአገራችንም የሬዲዮ ሞገድ የሚደለደለው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚሠራበት ክልል መፈቀዱን አጣርቶ መግዛት ከኋላ ጣጣ ያድናል።

«ዛሬ ገመድ አልባው ረክሷል፤ ስለ ምርጫ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» የሚሉኝ ይኖራሉ። መርከሱ እውነት ነው። ነገር ግን የመሣሪያው ዋጋ ዝቅ ማለቱ የሚቀዳውን ነገር ዋጋ ዝቅ አያደርገውም። ተማሪው መደብር ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚያደርገው ቀላል ፈተና አለ። ማይክራፎኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ 10 ሜትር ይራመድ፤ ጀርባውን ለመቀበያው ሰጥቶ «መታ፣ መጣ፣ ከበረ፣ ቀበረ» እያለ ይናገር፤ ጓደኛው ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጥና የሰማውን ይጻፍ። የተጻፈው ከተነገረው ጋር ካልገጠመ በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ዋጋ የለውም። ፈተናው በሚቀረጽበት ቀን በሚለበሰው ልብስ ቢደረግ ደግሞ ይመረጣል። ነጠላም ሆነ የላቦራቶሪ ጋውን ማይክራፎኑን እየታከከ የሚፈጥረው ኮሽታ ከሩቅ ጫጫታ ይልቅ ይበረታልና።

የመምህራችንን ቪዲዮ እስከ ዛሬ አስቀምጠነዋል። ኳሱ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በጥራት ይታያል፤ ቀመሩም ሰሌዳው ላይ ይነበባል። ቀመሩን ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። ያጣነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት ያዩ ሰው ቀመሩን እየጻፉ የተናገሩትን ነው። በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ዘንድሮም ጡረታ የሚወጡ መምህራን አሉ፤ እነርሱን ለመቅዳት የምንነሣ ሁሉ ከካሜራው በፊት ጆሯችንን እናዘጋጅ።