ተጫዋች ያጡ መልካም ጨዋታዎች

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ የምገልጸውን አስተያየት ለአንባቢዎችዎ ያቀርቡልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ነገሩ የወላይታ ሶዶ ልጆች ጉዳይ ቢመስልም፣ በሐዋሳም ሆነ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባም ሆነ በጅማ ልጅ የሚያሳድግ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚጋራው ስለሆነ፣ ሌሎችም ሐሳባቸውን ይጨምሩበት ዘንድ በማሰብ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። መሥሪያ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ከየዞኑ ብዙ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ገብቷል፤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ከተማ በሕዝብም በቤትም እየሰፋች ሄዳለች። ከዚህ ጋር ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች የሚሰበሰቡባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች በየሠፈሩ የተለመዱ ሆነዋል። ወደ ነዚህ ቤቶች ጎራ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ጨዋታ ብቻ ያያል። አንደኛው የእግር ኳስ ነው፤ ሁለተኛው የጠመንጃ ወይም የድብድብ ነው። በየልጁ እጅ ያለው ስልክም ቢታይ ከዚህ እምብዛም የተለየ ነገር አይገኝበትም።

በዚህ ነገር ላይ በየቢሮው የሚሰማው ክርክር ሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን «እነዚህ ቤቶች ይዘጉ፤ ልጆቹን ከትምህርት አናጠቡብን» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ዘመኑ ያመጣው ስለሆነ ዝም ብሎ መተው ነው» ይላል። በኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን አንድ ጥያቄ ዘሎ አልፏል። ጥያቄውም ልጆቹ ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ የሚለው ሳይሆን፣ ምን ይጫወቱ የሚለው ነው። መጽሐፍን በጅምላ የሚያወግዝ አስተማሪ የለም፤ መልካሙን ከክፉው ይመርጣል እንጂ። የቪዲዮ ጨዋታም በዓለም ላይ በሺሕ የሚቆጠር ዓይነት ያለው ሲሆን፣ እኛ ዘንድ የደረሰው በሰፊው የሚነገርለትና በብዙ ገንዘብ የሚተዋወቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። ቁም ነገር ያለባቸው ጨዋታዎች ግን ተጫዋች አጥተው ተቀምጠዋል።

የእግር ኳሱን ጨዋታ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በካይሮ በመለያ ምት አሸንፎ ከካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ውጪ ሲያደርገው፣ ይህች ከተማ እንዴት እንደ ተደሰተች የማያስታውስ የለም። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ዛሬም «ፊፋ» ብለው በሚጠሩት ጨዋታ ውስጥ የኢትዮጵያ ሊግ አልገባም፤ ድቻም የለም። ልጁ የእንግሊዝና የእስፓኝ ክለቦችን ተጫዋቾች ስም ከነቁጥራቸው በቃሉ ይወጣዋል፤ የአገሩን ክለብ ግን በጆይስቲክ ሊያጫውተው አይችልም። በራሱ ጨዋታ ውስጥ ዘወትር እንግዳ ነው ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ ከአገራችን እንጀምር። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቶ አውጥቷል። ጨዋታው አንዲት ዶሮ ሊይዛት ከሚያሳድዳት ገበሬ ስታመልጥ የሚያሳይ ሲሆን፣ ስሙ ራሱ የልጅነታችንን ድብብቆሽ ያስታውሳል። ይኸው ድርጅት ገበጣንም በስልክ ለመጫወት እንዲቻል አድርጎ አዘጋጅቷል። ገበጣ ተራ ነገር አይደለም። ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚዘራ ልጅ፣ ሳያውቀው መደመርና መቀነስ ብቻ ሳይሆን የባላጋራውን ሐሳብ አስቀድሞ መገመትም ይማራል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች ከመቶ በላይ አድርገው መዝግበዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ እኛ ግን ይህን ሁሉ ሀብት ይዘን ልጆቻችን የሌላውን አገር ከረሜላ በስልክ ሲደረድሩ ይውላሉ።

ከአገራችን ወጥተን ስናይ ደግሞ፣ ለወላይታ ሰው ትልቅ ትምህርት የሚሆን አንድ ጨዋታ አለ። ስሙ «ኔቨር አሎን» ይባላል፤ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። በአሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ በአላስካ የሚኖሩት የኢኑፒያት ሕዝብ ቋንቋቸውና ተረታቸው ከልጆቻቸው አፍ እየጠፋ መሄዱን ባዩ ጊዜ፣ ኩክ ኢንሌት የተባለው የነባር ሕዝቦች ምክር ቤት ከጨዋታ ሠሪዎች ጋር ተስማምቶ ወደ 40 የሚጠጉ ሽማግሌዎችን፣ ተረት ነጋሪዎችንና ሌሎች የማኅበረሰቡን አባላት በሥራው አሳተፈ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። አንዲት ልጅና አንድ ነጭ ቀበሮ ማብቂያ ያጣው የበረዶ ማዕበል ከየት እንደሚመጣ ሊፈልጉ ይጓዛሉ፤ ታሪኩ የሚተረከው በኢኑፒያት ቋንቋ ነው፤ በየመሐሉም የሕዝቡን አኗኗር የሚያስረዱ አጫጭር ፊልሞች ይከፈታሉ። ሁለት ልጆች ተጋግዘው ሊጫወቱት ይችላሉ። በፕሌይስቴሽን 4ም ላይ ስለሚሠራ፣ የጨዋታ ቤት ያለው ሰው ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም።

የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ጉዳይ በ1992 ዓ.ም. ሶዶን ምን ያህል እንዳናወጣትና ምን ያህል ኀዘን እንዳስከተለ የምናስታውስ ብዙ ነን። ይህ ሕዝብ ልጁ በምን ቋንቋ እንደሚያነብ ያን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ ነው። ዛሬ ግን ያው ልጅ በቀን ከሚያነብበት ሰዓት ይልቅ የሚጫወትበት ሰዓት ሲበልጥ፣ የሚጫወተው በምን ቋንቋና በማን ታሪክ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይታይም። የመስከረም የጊፋታ በዓል፣ የንጉሥ አማዶ ካብ፣ የንጉሥ ሞቶሎሚና የንጉሥ ጦና ታሪክ ከኢኑፒያት ተረት የሚያንስ ሆኖ አይደለም፤ የሚሠራው ሰው ስላላገኘ ነው እንጂ።

ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት ወጣቶች ደግሞ፣ በጠመንጃ ጨዋታ ፈንታ ሊቀርብ የሚገባው «ዚስ ዎር ኦፍ ማይን» የተባለው ነው። በፖላንድ አገር በዋርሶ የሚገኘው ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሲሆን፣ ሐሳቡ የተወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሳራዬቮ ተከብባ ከቆየችበት ዘመን ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ወታደር አይደለም። በተከበበች ከተማ ውስጥ ቀን ተሸሽጎ፣ ሌሊት ምግብና መድኃኒት የሚፈልግ ተራ ሰው ነው። ከሽማግሌዎች ቤት እህል ሰርቆ ጓደኞቹን ያድን ወይስ ባዶ እጁን ይመለስ፣ ራሱ መቁረጥ አለበት። የፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚመከሩት የንባብ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አፍ አስታውቋል። ጨዋታው ለአዋቂ የተመደበ ስለሆነ ለሕፃን አይሰጥም፤ ነገር ግን ባለፉት ዓመታት የጦርነትን መከራ በቅርብ ላየነው ለእኛ፣ ጠመንጃ መተኮስን ብቻ ከሚያሳይ ጨዋታ ይልቅ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቤት የሚያሳየው ይሻለናል።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችም የሚሆን አለ። «ፔፐርስ ፕሊዝ» ይባላል፤ ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ አርስቶትስካ በምትባል የሌለች አገር የድንበር ኬላ ላይ ተቀምጦ የባለጉዳዮችን ወረቀት ይመረምራል። ማኅተሙ ትክክል ነውን? ቀኑ አልፏልን? ፎቶግራፉ የሰውዬው ነውን? ደንቡ በየዕለቱ ይለወጣል፤ ሰልፉ አያልቅም፤ የሚከፈለውም ባስተናገደው ሰው ቁጥር ነው። በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢሳሳት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከደመወዙ ይቆረጣል። ማታ ሲገባ የቤት ኪራይ፣ ምግብና የታመመ ልጅ መድኃኒት ይጠብቁታል። አንድ ቀን ባልየው ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ያልፋል፤ ተከትላው የመጣችው ሚስቱ ግን አንድ ወረቀት ይጎድላታል። ምን ይደረግ? ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ማለት የለመደ ሰው ይህን ጨዋታ አንድ ሰዓት ቢጫወት፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ ሰው መኖሩን ከብዙ ቀን ሥልጠና ይልቅ የሚረዳው ይመስለኛል። ደግሞም የመስኮቱ ሠራተኛ ራሱ የቤት ጣጣ ያለበት ሰው መሆኑን ባለጉዳዩም ቢያየው መልካም ነው።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ ለአፍሪካ አይሆንም» የሚል ቢኖር፣ ወደ ካሜሩን ይመልከት። በያውንዴ ከተማ ኪሮኦ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኦሪዮን» የተባለውን፣ መሠረቱን በአፍሪካ ተረትና ባህል ላይ ያደረገ ጨዋታ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ አቅርቧል። የንጉሡና የንግሥቲቱ ስደትና ትግል የሚተረክበት ይህ ጨዋታ በእኛ አገር ስሙን የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

«ልጆቹ ማጥናት ሲገባቸው ስለ ጨዋታ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ጨዋታ በልክ መሆን አለበት፤ በትምህርት ሰዓት ተማሪ የሚያስገባ ቤትም ሊቀጣ ይገባዋል። ነገር ግን ቤቱ ሲዘጋ ልጁ ወደ ስልኩ ይዞራል፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን ደግሞ ማንም አያይበትም። ስለ ዋጋውም ቢሆን፣ «ኩኩሉ»ና ገበጣ በተራ ስልክ የሚሠሩ ናቸው፤ «ፔፐርስ ፕሊዝ»ም በየመሥሪያ ቤታችን ጥግ አቧራ በጠገበው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች ካሏቸው ማጫወቻዎች አንዱን ለነዚህ ለተለዩት ጨዋታዎች ቢመድቡና በመጀመሪያው ሰሞን ዋጋውን ቢቀንሱ፣ ልጆቹ ቀምሰው ያውቁታል። ያልቀመሱትን እንዴት ይፈልጉታል?

ሁለተኛ፣ የወጣቶች ማዕከላትና ቤተ መጻሕፍት ለየዕድሜው የሚስማሙትን ጨዋታዎች ዝርዝር አዘጋጅተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ፣ ወላጅ ምን መምረጥ እንዳለበት ይረዳል።

ሦስተኛ፣ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶች ከባህል ባለሙያዎችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው፣ በወላይትኛ የሚተረክ አንድ አነስተኛ ጨዋታ የመመረቂያ ሥራቸው እንዲያደርጉት መምህራኑ ቢያበረታቱ መልካም ነው። የአላስካ ሽማግሌዎች የሠሩትን የሶዶ ሽማግሌዎች የማይሠሩበት ምክንያት የለም።

አራተኛውና ዋናው የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከልጃችን አጠገብ ተቀምጠን «ይህ ጨዋታ ምን ይላል? አሳየኝ» ብንለው፣ ከብዙ ቁጣ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታ እንደ መጽሐፍ ነው፤ አንባቢ ያጣ ደራሲ ብዕሩን እንደሚያስቀምጥ፣ ተጫዋች ያጣ ጨዋታ ሠሪም ሥራውን ይተዋል። ዛሬ የኢትዮጵያ ወጣቶች የሠሩትን ጨዋታ የሚጫወትላቸው ካጡ፣ ነገ የሚሠራ አይገኝም። ያን ጊዜ ልጆቻችን የራሳቸው ታሪክ የሌለበትን ጨዋታ ብቻ ሲጫወቱ ብናይ፣ ልንወቅሳቸው አንችልም። የጨዋታውን ምርጫ ዛሬውኑ እንጀምር እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢ
ከወላይታ ሶዶ