«ኮከብ ዓሣ ነው» ብሎ ማለፍ

ዛሬ ስለ አንድ የቀይ ባሕር እንስሳ ላውራችሁ። «ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ሞቃት ባሕር ውስጥ ኮራል ላይ የሚኖር፣ ሰውነቱ በእሾህ የተሸፈነ የባሕር ኮከብ አለ። ፈረንጆቹ «የእሾህ አክሊል» ይሉታል፤ በግእዙ አክሊለ ሦክ መሆኑ ነው። ጨጓራውን በአፉ አውጥቶ ኮራሉን እዚያው ላይ ይፈጨዋል። ሲበዛ ደግሞ ሰፊ የኮራል ቦታ ያራቁታል።

ሳይንሳዊ ስሙ ከሊኒየስ ዘመን፣ ከ1758 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ያለው ሁሉ ለረጅም ጊዜ ባብዛኛው «አካንታስተር ፕላንቺ» ተብሎ በአንድ ስም ሲጠራ ኖረ። በ2008 ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን ሲያወዳድሩ ግን አራት ዝርያ መስሎ ተገኘ፦ ሁለቱ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ አንዱ ፓስፊክ፣ አንዱ ቀይ ባሕር። የቀይ ባሕሩ «አካንታስተር ቤንዚአይ» የሚል የራሱን ስም ያገኘው በ2022 ነው። ትናንት በሉት!

የተለየው በዲኤንኤ ብቻ አይደለም። ክንዶቹ ቁጥራቸው ያንሳል፣ እሾሆቹም ቀጠን ይላሉ። ቆጥሮና ለክቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ልዩነት ነው።

ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ! ስለዚህ እንስሳ ከሚታወቀው አብዛኛው የተጠናው ፓስፊክ ላይ ነው። ያንን እንዳለ አምጥቶ ቀይ ባሕር ላይ መለጠፍ፣ ሐኪም ሳያዩ የጎረቤትን መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

ወደ ክፍላችን ስንመጣስ? ተማሪው «የባሕር ኮከብ አምስት ክንድ አለው» ብሎ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይጽፋል፣ ማርኩን ያገኛል። ይሄኛው ግን ከአሥር በላይ ክንድ አለው! የሸመደደ ልጅ ቢያየው «የባሕር ኮከብ አይደለም» ሊል ነው። ስም መያዝና መለየት ለየቅል ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የጣና ትልልቆቹ የባርበስ ዓሦች አንድ ዝርያ ተብለው የተቆጠሩበት ጊዜ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠጋ ብለው ያዩ ተመራማሪዎች ከአሥር በላይ ሆነው አገኟቸው፤ ምግባቸው እንኳ ይለያያል። በደፈናው «ዓሣ ነው» እያልን የትኛው እያለቀ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ስሙን የማናውቀው ነገር ቢጠፋም አንሰማም።

ስለዚህ መምህራን ጓደኞቼ፣ ላብራቶሪ እስኪሟላ አንጠብቅ። ከግቢው ሁለት ተመሳሳይ ቅጠል አስመጡና «በምን ይለያያሉ?» በሉ። «ስሙን አላውቀውም፣ ግን ይሄ ከዚያ በዚህ በዚህ ይለያል» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ እኔ ጋ ሙሉ ማርክ አለው።

እስቲ እናንተም ጻፉልኝ፦ ሌላው ሰው አንድ ነው የሚለውን፣ የእናንተ አገር ገበሬ ወይም ዓሣ አጥማጅ ግን በሁለት ስም የሚጠራውን የቱን ታውቃላችሁ?