ስደተኛም ነገረ ፈጅ ያሻዋል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዐባይን ድልድይ በመሻገር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ዘንዘልማን ያገኛል። ስፍራው ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ ነው። ጎዳናው ግን የተማሪ ብቻ አይደለም። በጎንደር በኩል አድርጎ እስከ መተማ ዮሐንስ ይዘልቃል፤ መተማ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ነፍሱን ይዞ የገባባት በር ናት። እንግዲህ የስደተኛ ጉዳይ ለዘንዘልማ ሰው የደጁ ነገር እንጂ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አበው «ወንዝ ሲጎድል ተሻገር፤ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ። ስደተኛ የፊተኛውን ፈጽሟል፤ ወንዙን ተሻግሯል። የኋለኛውን ግን እንዴት ይፈጽም? ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ሕጉን ሳያነብ፣ ዘመድ ሳይኖረው፣ በዳኛ ፊት ምን ብሎ ይናገር?

ሕጋችን ለስደተኛ ክፉ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. የጸደቀው በአዲስ አበባ ነው፤ ዛሬም አገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠግታ ትገኛለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1110 ተተክቷል። በዚህም ጥያቄው ያልተቀበለለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ሊል ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ የሚመጡት በጅምላ ስደተኛ መባላቸው ቀርቶ የያንዳንዱ ጉዳይ በግሉ እንዲመረመር ተደረገ። አሠራር እንዲህ ሲለዋወጥ የአገሩ ተወላጅ እንኳ ይደናገራል፤ ትናንት ለገባ እንግዳማ ምን ይባላል?

አንድ ወጣት እናስብ። ሌሊት ሸሽቶ የወጣ ነውና ወረቀት አልያዘም። መርማሪው ፊት ሲቀርብ የተደበደበበትን ነገር ለመናገር ያፍራል፤ ስለዚህ «ሥራ አጥቼ ነበር» ብሎ ይጀምራል። የታሰረበትን ወር ይስታል፤ አስተርጓሚውም አንዱን ቃል በሌላ ይለውጥበታል። ከመዝገቡ ላይ የሚቀረው እንግዲህ እንጀራ ፈላጊ መሆኑና ቃሉም እርስ በርሱ የሚቃረን መሆኑ ነው። ጥያቄው ተቀባይነት ሲያጣ የ30 ቀን ቀጠሮ ይጀምራል። ወጣቱ ግን ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ሕግ አዋቂ ከጎኑ ቢኖር ኖሮ አስቀድሞ ታሪኩን በዝግታ ያስተርከው፣ ቀኑን ያስተካክልለት፣ የትርጉሙን ስሕተት በቦታው ያስይዝለት ነበር። ይህም የሚጠቅመው ስደተኛውን ብቻ ሳይሆን፣ እውነቱን ለማወቅ የሚደክመውን መርማሪም ጭምር ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይደነግጋል። መልካም ነው። ነገር ግን ጥገኝነት ጠያቂ ያልተከሰሰ ሰው ነውና ይህ አንቀጽ አይደርስለትም። በስርቆት የተከሰሰው ጠበቃ ሲያገኝ ከሞት የሸሸው ብቻውን መቆሙ አያስገርምምን?

«የአገሩ ድኃ ጠበቃ ሳያገኝ ስለ ባዕድ ታወራላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን በመሬት ክርክር የተረታ ገበሬ ቢያዝንም ከቤቱ ያድራል፤ በስሕተት የተመለሰ ስደተኛ ግን ወደ ሸሸበት እሳት ነው የሚመለሰው። ደግሞስ ዛሬ በየባዕድ አገሩ ዳኛ ፊት የሚቆም የእኛ ወንድም፣ የእኛ እኅት ስንት ነው? ለእነርሱ የምንመኘውን ለእንግዳችን መንፈግ አይገባንም።

ነገሩ ለባህላችንም አዲስ አይደለም። በጎንደር ዘመን ከእጨጌ ቤት የገባ ሰው እንደ ተጠጋ ይቈጠር ነበር። ጥግ መስጠትና ስለ ተጠጋው መናገር አብረው የኖሩ ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግ ትምህርት ቤቶች ለድኃ የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ እስከ ስደተኛው ጣቢያ ያድርሱት። ከትምህርት ገበታ ከተነሣን ገና ጥቂት ጊዜ ነውና፣ ወጣቱ የሕግ ተማሪ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእውነተኛ ባለጉዳይ የሚማረው እንደሚበልጥ እናምናለን። ሁለተኛ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ መሥራትን ግዴታ አድርጎ ነበርና፣ ጠበቆቻችን ከዚህ ልማድ ጥቂቱን ሰዓት ለስደተኛው ይመድቡ። ሦስተኛ፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጥያቄውን ላልተቀበለለት ሰው ምክንያቱንና የይግባኙን ቀን በሚገባው ቋንቋ ጽፎ ይስጠው።

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እርምጃውን ይገታል። ስደተኛው ግን ይህን ቃል በአማርኛ አያውቀውም። እንግዲያውስ ስለ እርሱ ሆኖ የሚለው ሰው እንስጠው።