የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከፈውስ በኋላ ስለሚመጣ ደዌ
ዶክተር ዶናል ቶማስ በአሜሪካ አገር የደም ነቀርሳ የያዛቸውን ሕሙማን መላ አካላታቸውን በጨረር ካስመቱ በኋላ፣ ስቴም ሴል የሚባለውን የደም ዘር የያዘ የጤነኛ ሰው መቅኔ በደም ሥራቸው በመስጠት ከሞት አፋፍ የመለሱበት ጥበብ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከዶክተር ጆሴፍ መሪ ጋራ የኖቤልን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ይሁን እንጂ ጨረር ክፉውን ሕዋስ ከደጉ አጥርቶ የማይለይ በመሆኑ፣ ድኖ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ዓይኑ በሞራ ሊጋረድ፣ የእንቅርት ዕጢው ሊደክም፣ አልፎ አልፎም ሌላ ነቀርሳ ሊነሣበት ይችላል። ጭንቅላታቸውን በጨረር ከታከሙት መካከል ደግሞ እጅግ ጥቂቶቹን፣ ከዓመታት በኋላ፣ ብርቱ ራስ ምታት አስቀድሞ ወይም አስከትሎ አንደበትን የሚይዝና ጎንን የሚያሰንፍ፣ ስትሮክ የሚመስል፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የሚለቅ ደዌ ያገኛቸዋል፤ ሐኪሙም የቀድሞውን ሕክምና ካልጠየቀ (ማንስ ከሃያ ዓመት በፊት የሆነውን ይጠይቃል?) መንሥኤውን ሊስተው ይችላል። የዚህ እትም ጽሑፎች ስለ እነዚህ ብርቅ ደዌያት የሚናገሩት፣ ሕይወትን ያተረፈውን ሕክምና ለመንቀፍ አይደለም። ጨረር የወሰዳችሁ አንባብያን ሆይ፣ በየትኛው አካላችሁ፣ በምን ያህል መጠንና በየትኛው ዓመት እንደ ተሰጣችሁ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ከሐኪማችሁ ጠይቃችሁ በእጃችሁ አኑሩ።