የአንድነት ጉዞና የሚቀረው ወንድም

የትንሣኤ በዓል አልፎ ተሳላሚዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ በኢየሩሳሌም ለከፍተኛ ትምህርት በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ደቀ መዛሙርት መካከል አንድ አሳብ ይነሣል። ይኸውም ሁሉም በአንድነት ከከተማ ወጥተው አንድ ሁለት ቀን ይቈዩ፥ ድካማቸውን ያሳርፉ፥ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቁ የሚል ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን መልካም አሳብ ሁሉ መልካም ዝግጅት አያገኝም።

አስቀድሞ የአባቶችን ተቃውሞ መስማት ይገባል። መነኩሴ ከበአቱ ሲርቅ ከውኃ እንደ ወጣ ዓሣ መሆኑን አባ እንጦንስ አስተምረዋልና፥ ሽርሽር ለመነኩሴ ምኑ ነው ይላሉ። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው በአበው ዜና ውስጥ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አይቶ ቅር ስላለው አዳኝ ይነገራል። ቀስቱን እንዲለጥጥ፥ ደግሞም አብልጦ እንዲለጥጥ ባዘዙት ጊዜ ይሰበራል ብሎ የፈራው አዳኙ ራሱ ነበር። ጌታችንም ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ ለብቻቸው ወስዶ ሊያሳርፋቸው እንደ ወደደ ማርቆስ በ6ኛው ምዕራፍ ጽፎአል። ስለዚህ መውጣቱ ነቀፋ የለበትም፤ ጥያቄው ስለምን እንደሚወጣ ነው።

በአንድ ግቢ የሚኖሩት ተማሪዎች ከብዙ ወገን የተሰበሰቡ ናቸው። አንዱ ከዋሸራ ቅኔ ቤት፥ አንዱ ከጎንደር በዓታ አቋቋም፥ አንዱ ከዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት፥ ሌላውም ከአዲስ አበባ መንፈሳዊ ኮሌጅ የመጣ ነው። ቀን ቀን አንዱ ዕብራይስጥ ለመማር፥ አንዱ ጽርዕ ለማጥናት፥ አንዱም ለገዳሙ ሥራ ይበተናሉ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሁሉም ተሳላሚ ሲመሩ፥ ሲያስተረጕሙ፥ የጠፋ ሻንጣ ሲፈልጉ ይሰነብታሉ። በማኅሌት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ነገር ግን የባልንጀራውን እናት ስም የሚያውቅ፥ ታሞ ይሁን ደኅና የሚለይ ጥቂት ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል። በአገር ቤት መርዶ የሚነገረው በሥርዓት ነው፤ ዘመድና ወዳጅ ተሰብስበው፥ በማለዳ፥ ሐዘንተኛውን መካከል አድርገው ያረዱታል። በስደት ያለው ተማሪ ግን የአባቱን ሞት ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ ከስልኩ መስተዋት ላይ ያነብባል። ከአገር ቤት ሊያረዱት የሚፈልጉ ዘመዶችም ለማን ደውለው ‹‹እስቲ አንተ ቀስ ብለህ ንገረው›› ይበሉ? የቅርብ ወዳጁን ስም አያውቁም፤ ምናልባትም የሚያውቁት ስም የለም። የአንድነት ጉዞ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መርዶ ሊነግረው የሚችል አንድ ሰው ለሌለው ተማሪ ያን ሰው ለማስገኘት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ከሆነ፥ ዝግጅቱ የሚጀመረው ሊቀር ከሚችለው ወንድም ነው። የሚሄዱትማ ቢሰናዳም ባይሰናዳም ይሄዳሉ።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት ስፍራ መዋጮ ነው። አዘጋጁ ሁሉም በሚያየው የቴሌግራም ገጽ ‹‹እያንዳንዱ ሁለት መቶ ሸቀል ያዋጣ›› ብሎ ያስታውቃል፤ የከፈሉትንም ስም በተራ ይደረድራል። የነጻ ትምህርት አበል ያለው ወዲያው ይከፍላል። ከገዳሙ ጥቂት የኪስ ገንዘብ ተቀብሎ ያችኑ ቈጥቦ ለእናቱ የሚልከው ግን ስሙ ከዝርዝሩ መጕደሉን እያየ ጥቂት ቀን ዝም ይላል። በመጨረሻም ‹‹ፈተና አለብኝ›› ወይም ‹‹ራሴን አሞኛል›› ይላል። ሰዎችም ‹‹እርሱ እኮ ብቸኝነት ይወዳል›› ይሉታል፤ ስሙም በዚያው ይጸናል። ይህን ሰበብ በአፉ ያኖረው የአዘጋጁ ዝርዝር ነው።

ከዚህ የሚሻለው የቤተ ክርስቲያን የቈየ ልማድ ነው። አንድ የተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሁሉም የተቻለውን፥ ያልተቻለውም ባዶ እጁን ያስገባ፤ የሚከፍቱትም አንድ የታመኑ አባት ብቻ ይሁኑ። ጉዞው በተገኘው ገንዘብ ልክ ይወሰን እንጂ ገንዘቡ በጉዞው ልክ አይጠየቅ። ጥቂት ቢገኝ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስበት ዓይን ካሪም አለ፤ የመጥምቁ ዮሐንስ አገር ለማንም አያንስም። በቂ ከተገኘም ኢያሪኮና ዮርዳኖስ ይደረስ።

ስለ ኢያሪኮ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ስትሆን ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ናት፤ ተጓዡ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ይወርዳል። ደገኛው ተማሪ ይህን ሳያስብ በግንቦት እኩለ ቀን ቢወርድ ሙቀቱ ያንገላታዋል፤ ሌሊት መነሣት ይበጃል። በኢያሪኮ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም፥ አስተዳዳሪው ከፈቀዱ፥ አንድ ሌሊት አድሮ በማግሥቱ ኪዳን ካደረሱ በኋላ ወደ ዮርዳኖስ መውረድ ይቻላል። የዮርዳኖስ ዳር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጦርነት በኋላ ፈንጂ የተቀበረበት የጦር ክልል ሆኖ ረጅም ዘመን ተዘግቶ ነበር። ለተሳላሚ በየዕለቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በገዳማቱ ዙሪያ ያለውን ፈንጂ መንቀልም በ2018 ተጀምሯል። ዛሬም ቢሆን ከታወቀው መንገድ መውጣት አይገባም። የፍተሻ ኬላዎች ነገር ባንድ ቀን የሚለዋወጥ ስለሆነ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ በዋዜማው ይታይ፤ ፈቃዱ ያላለቀለት ወንድም ካለ ደግሞ ቦታው ለእርሱ ሲባል ይለወጥ።

በሁለት ቀን ውስጥ ስምንት ቅዱሳት መካናት ለመሳለም የሚያስቡ አዘጋጆች አሉ። ዳግመኛ ላይመለስ ከሩቅ የመጣ ተሳላሚ እንዲህ ቢያደርግ የተገባ ነው። ተማሪው ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ከመኪና ወርዶ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ወደ መኪና የሚሮጥ ሰው ባልንጀራውን የሚያይበት ጊዜ የለውም። አንድ ስፍራ ይመረጥ፤ ማታውም ንግግርና መርሐ ግብር አይደልደልበት። ቅኔ በየተራ ይዘረፍ ማለትም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ቅኔ ያልቈጠረውን የኮሌጅ ተማሪ ዝም ያሰኘዋል።

ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተሙት የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቹ ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ነበሩ። አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፥ እነርሱም የኅትመት ሙያ አያውቁም ነበርና፥ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ሥራው ተፈጸመ። በባዕድ አገር ስማቸው አንድ ላይ የቀረው ይህን ሠርተው ነው። በኢያሪኮ ሐዲስ ኪዳን የሚያሳትም ባይኖርም ሽንኩርት የሚከትፍ፥ ወጥ የሚያማስል፥ ዕቃ የሚያጥብ ያስፈልጋል። ሥራው በዕጣ ይደልደል፤ የአንድ ጉባኤ ቤት ልጆችም በአንድ ወገን አይመደቡ። በቆሎ ተማሪነት ዘመን ውኃና እንጨት የአዲስ ገቢው ዕጣ ነበር፤ ያ ሥርዓት ለዚያ ስፍራ ይበጅ ይሆናል፥ እዚህ ግን መሪጌታውም ድስት ቢፈትግ ክብሩ አይጐድልም። አብረውት ድስት የፈተጉትን ሰው በማግሥቱ ‹‹ምነው ፊትህ ጠቈረ›› ብሎ መጠየቅ አያስቸግርም።

ጊዜው በበዓለ ኀምሳ ቢሆን ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የምግብ ጣጣ ይቀልላል። ከእኅት አብያተ ክርስቲያናት የሚጋበዙ ወንድሞች ካሉ የእነርሱን የጾም ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ስለ መኪናውና ስለ ምንጣፉ የሚባለው በዚህ ያበቃል፤ አዘጋጆች ከሚገባው በላይ የሚደክሙበት እርሱ ነውና።

በአገር ቤት የጽዋ ማኅበር አንድ አባል ሲቀር ሙሴው ‹‹ምን አግኝቶት ቀረ›› ብሎ ሰው ይልካል። ጉዞውም እንዲህ ያለ ሙሴ ይኑረው። ሥራው መኪና መቍጠር ሳይሆን ‹‹አልመጣም›› ያለውን እያንዳንዱን በክፍሉ ሄዶ ለብቻው ማነጋገር ነው፤ በስልክ መልእክት አይደለም። በእውነት ፈተና ያለበት ካለ ቀኑ በሳምንት ይዘግይ። በእውነት የታመመ ካለም ሁለት ሰዎች አብረውት ይቅሩ፤ እነርሱም በዕጣ ይለዩ።

የሳጥኑ ነገር ከሆሣዕና በፊት መነገር አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደ ተሳላሚዎች አገልግሎት ስለሚበተን የሚሰማ አይገኝም። ተሳላሚዎችም ከአገር ቤት ይዘውት ከመጡት በሶና ሽሮ የተረፋቸውን ሲሄዱ በየወዳጃቸው እጅ ከሚያስቀምጡት ይልቅ በገዳሙ ዕቃ ቤት በተማሪዎች ስም ቢያኖሩት፥ ለአንድ ሌሊት እራት ይበቃል።