ድምፁን አምና ቤት ገዛች

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

11 ዓመት ሙሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እየጻፍኩ ቤተሰቤን አስተዳድሬአለሁ። አሁን ሥራውን ትቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለፋሲካ የሚተላለፍ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ጻፍኩ። እናት በአዲሱ ሳሎኗ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና ታፈላለች፤ ልጇ ቁልፉን መዳፏ ላይ ያስቀምጥላታል። አገር ምድሩ የሚወደው ተዋናይ በዚያ በሚያባባ ድምፁ አነበበው። ቀረጻው ላይ እንባዬ መጥቶ ነበር። ቦታውን ግን አላየሁትም፤ ተዋናዩም አላየውም። ወራት ቆይቶ ስሄድ ያገኘሁት የቆርቆሮ አጥርና ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ነው።

የሄድኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ሳታውቅ፣ ልጇ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የላከችላትን ገንዘብ ቅድመ ክፍያ ከፍላለች። «ምነው ሳታማክሪኝ?» ብላት፣ «እሱ ልጅ እኮ ዓይናችን እያየ ያደገ ነው፤ እንዴት ይዋሸኛል?» አለችኝ። በቴሌቪዥን መስኮት ማለቷ ነው። ተዋናዩ በስንት ዓመት ድራማ ያፈራውን አመኔታ እኛ በአንድ ደቂቃ ቸበቸብነው።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኔ በሠራሁበት ስቱዲዮ ግን «ይህ ነገር እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ቁጥጥር ከበዛ መገናኛ ብዙኃን ይዘጋሉ የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸውን አልንቅም። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ ጣቢያዎች ገቢ ቢያጡም፣ ልጆቻችን ከዜና በፊት ቢራ ሲንቆረቆር ማየት ቀርቶላቸዋል። ጉዳቱን የምንመዝነው በጣቢያው ሒሳብ ብቻ ከሆነ የአክስቴን ገንዘብ የት ልናስገባው ነው?

ስለዚህ ልመናዬ ለእርስዎም ነው። የቤት ማስታወቂያ ይዞ የመጣን ሁሉ የይዞታ ካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን ሳያሳይ አትቀበሉት፤ ከጋዜጣችሁ ይጀመር። የጥበብ ሰዎችም ድምፃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

አክስቴ ከከፈለች አራት ዓመት ሆናት። አሁንም የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የማስታወቂያ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ