ሁለት ስም፣ አንድ ቤት

ሰሞኑን ስለ ምዝገባ፣ ስለ ደብተርና ስለ ጤፍ ዋጋ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ እስቲ ጆሯችንን ለሙዚቃ እንስጠው። ያውም ብዙዎቻችን «ጩኸት ነው» ብለን ለምንሸሸው ለራፕ።

የዛሬው ጨዋታዬ እ.ኤ.አ በ2005 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ስለወጣ አንድ አልበም ነው። ባለቤቶቹ ገብርኤል ቴዎድሮስና ኪንግዝ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። የቡድናቸውን ስም «አቢሲኒያን ክሪዮል» አሉት፤ የመጀመሪያ አልበማቸውን ደግሞ «ሴክሲ ቢስት»። ርዕሱ ለቤተሰብ ገጽ ትንሽ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም በርዕሱ ተደናግጦ የሚዘጋው ሰው የሚያመልጠው ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ ልጆች ወሬ ስለ ማንነት፣ ስለ ስደተኛ ቤተሰብ፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ፍቅርና ስለ መከባበር ነው።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ «አንደርግራውንድ» ይሉታል። ትልቅ ኩባንያ አያሳትመውም፤ ሬዲዮ ጠዋት ማታ አያጫውተውም። ዘፋኙ ሲዲውን በየመድረኩ በእጁ ይሸጣል፤ የወደደው ለጓደኛው ያቀብላል። እንዲህ እጅ በእጅ እየተቀባበለ ነው የሚኖረው።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ የቡድኑ ስም ነው። «አቢሲኒያ» የውጪው ዓለም አገራችንን ይጠራበት የነበረ የድሮ ስም ነው፤ የገብርኤል ዘር ከዚህ ይመዘዛል። «ክሪዮል» ደግሞ በግድም በውድም የተገናኙ ሕዝቦች ተዋህደው የፈጠሩት ሕዝብና ቋንቋ መጠሪያ ነው። ቃሉ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የምትለን ሄይቲ ናት። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎች እዚያ ከፈረንሳይኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ፤ በ1804 ደግሞ ጌቶቻቸውን አሸንፈው ነጻ አገር መሠረቱ።

የሄይቲና የእኛ ወዳጅነት ታዲያ በሲያትል አልተጀመረም። ከዓድዋ ድል በኋላ በኒቶ ሲልቬን የሚባል ሄይቲያዊ ባሕር አቋርጦ አጼ ምኒልክ ዘንድ መጥቷል፤ በ1900 ለንደን ላይ በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤም የእርሳቸው ወኪል ሆኖ ተገኝቷል። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ስትወርር ደግሞ የሄይቲው ተወካይ አልፍሬድ ኔሙር ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ የሚሆነው ነገ በማንም ላይ ሊሆን እንደሚችል ኃያላኑን አስጠንቅቀዋል። ሁለቱ ልጆች «አቢሲኒያ»ንና «ክሪዮል»ን ጎን ለጎን ሲጽፉ፣ ሳይታወቃቸውም ቢሆን፣ የድሮ ወዳጆችን ነው በአንድ ገበታ ያስቀመጡት።

ሁለት ሆኖ መዝፈንም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሊነጋጋ ሲል በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበላዎች አስታውሱ። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ግጥሙን ሲያወርድ ሌላው በዜማ ይቀበላል። የአዝማሪ ቤት ወንድና ሴትስ ተራ በተራ ነገር ሲወራወሩ አይደል የሚያመሹት? ገብርኤልና ኪንግዝም እንደዚያው ናቸው። ገብርኤል ድምፁ ዝግ ያለና ለስላሳ ነው፤ ሰው እንደሚያጫውት ረጋ ብሎ ይናገራል። ኪንግዝ ይጦፋል፤ ቃላቱን እየቆረጠ፣ እያጣደፈ፣ ምቱን እየቀደመ ይሄዳል። አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ሲታገል አይሰማም። አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይቀጥልለታል። አልበሙን ከወደድኩባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይኼ ነው።

አልበሙን ያሰማኝ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ ነው። የበዓሉን ሰሞን ሐዋሳ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ አልጋ አይገኝም፣ ባጃጅ አይገኝም፣ መሃል ከተማ ከደብሩ እስከ ፒያሳ ነጠላ በነጠላ ነው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ስልኩን ከፍቶ ይህን አልበም ሲያጫውት፣ የጎረቤቴ ልጅና ጓደኛው አጥር ዘለው መጡ። ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። እነርሱም ራፕ ይጽፋሉ፤ ደብተራቸው ላይ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ገጽ ተደባልቀው አይቻለሁ።

የልጁ አባት የሲዳማ ሰው ናቸው፤ እናቱ የወላይታ። አባትየው ድምፁን ሰምተው መጡና ደብተሩን አነሱ። ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው ይኼ ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ ይመልከቱ። መጀመሪያ ነገር ፈተና ደርሶበታል። ደግሞ ከጻፈ አይቀር ወይ በአንዱ ይጻፍ ወይ በሌላው። ይኼ የማን ይባላል?»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አባዬ፣ የእኔ ነዋ» አለ። «እኔ የሁለታችሁም አይደለሁ?»

እናቱ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ምንም አልተናገሩም።

የእህቴ ልጅ በተሰባበረ አማርኛው ለሽማግሌው ሊያስረዳ ሞከረ። የአንደኛው ዘፋኝ ዘር ከኢትዮጵያ እንደሆነ፣ ሌላኛው ክሪዮል እንደሆነ፣ ሁለቱን ስም ገጥመው አንድ እንዳደረጉት ነገራቸው። እርሳቸውም አሰብ አድርገው «ማን ፊት ይጻፍ ብለው አልተጣሉም?» ሲሉ ጠየቁት። ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን የቀልድ አልነበረም። እኛ ከተማ ውስጥ ሰው በቀበሌ መታወቂያ፣ በሥራ ማመልከቻ፣ በሠርግ ሽምግልና ሳይቀር «ወገንህ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ኖሯል። አንዱን ሲመርጥ ሌላው የሚከፋበት ልጅ በየቤታችን አለ። አባትየውም የፈሩት ዘፈኑን አይመስለኝም። ልጃቸው አንድ ቀን «ምረጥ» ሲባል መድረሻ እንዳያጣ ነው የፈሩት። ደብተሩን ይዘውት ሄዱ፤ እስከ ዛሬም ቁምሳጥን ላይ ነው።

ራፕን «የባለጌ ዘፈን» ብለን ከመደምደማችን በፊት ደግሞ አመጣጡን ማወቅ ደግ ነው። ብዙዎች የሂፕ ሆፕ ልደት የሚሉት እ.ኤ.አ ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የተደረገ አንድ ጭፈራ ነው። ዲጄው ኩል ሄርክ በልጅነቱ ከጃማይካ የመጣ ስደተኛ ነበር። ጭፈራውን ያሰናዳችው እህቱ ሲንዲ ናት፤ ምክንያቷም ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰውን ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የዓለም ሙዚቃ የተነሳው ወንድም ለእህቱ የትምህርት ቤት ልብስ ሲል ከተባበረበት ቤት ነው። ለቤተሰብ ገጽ ከዚህ የበለጠ ምን ወሬ ይገኛል?

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። ሁሉም ለአማርኛ ጆሮ አይመችም፤ እንግሊዝኛውም ፈጣን ስለሆነ ደግሞ ደጋግሞ ማድመጥ ይጠይቃል። አንዳንዱ ዘፈን መልእክቱን ከተናገረ በኋላም ወሬውን ያራዝማል፤ ወጣት ሆኖ የመጀመሪያ ሥራውን የሚሠራ ሰው ያለውን ሁሉ በአንድ መሶብ ማቅረብ ይወዳልና። ከትንንሽ ልጆች ጋር ከመክፈታችሁ በፊት ራሳችሁ ብትሰሙትም ጥሩ ነው። ነገር ግን ራፕ ሲባል ወርቅ ሐብልና መኪና ብቻ ለሚታያችሁ፣ እዚህ የምታገኙት ስለ እናቱ አገር፣ ስለ ሰፈሩና ሴትን ስለ ማክበር የሚያስብ ወንድ ልጅ ነው።

ያ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ሥራ የት አደረሳቸው? በዚያው በ2005 ማክልሞር የተባለው የሲያትል ራፐር በወቅቱ ብዙም ሳይታወቅ ባወጣው አልበም ላይ ሁለቱን ጋብዞ አንድ ዘፈን አብረው ሠርተዋል። ማክልሞር ከራያን ሉዊስ ጋር ሆኖ በ2014 አራት የግራሚ ሽልማት ወስዷል። ገብርኤል በ2007 «ላቭወርክ» የተሰኘውን የግል አልበሙን፣ ኪንግዝም በ2009 የራሱን አወጡ። ገብርኤል ቀጥሎ አዲስ አበባ ከተወለደችው ድምፃዊት ምክሊት ሀደሮና በርንትፌስ ከሚባለው ራፐር ጋር «ኮፐርዋየር» የተባለ ቡድን መሠረተ። «በርንትፌስ» የሚለው ስም ራሱ «ኢትዮጵያ» የሚለው የግሪክ ቃል ፍቺ ነው። የ2012 አልበማቸው በ2089 በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች ይተርካል። ምክሊት በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የጥበብ ሰዎችን ያሰባሰበችበት ማኅበርም ስሙ ከጎረቤታችን የተወሰደ ነው፤ «አርባ ምንጭ»። ገብርኤል ደግሞ በ2015 በታተመ የሳይንስ ልብ ወለድ መድበል ውስጥ «ላሊበላ» የተሰኘ አጭር ታሪክ ጽፏል።

ይህን ሁሉ የቆጠርኩት የእናንተም ልጅ ዝነኛ ይሆናል ለማለት አይደለም። አብዛኛው ራፕ የሚጽፍ ልጅ ዘፋኝ አይሆንም፤ ነርስ ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል፣ ባጃጅ ይነዳል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ውጭ አገር የተወለደ ልጅ የእናቱን አገር ስም ሳያፍርበት ቡድኑ ላይ ጻፈው፤ የጓደኛውንም ስም አጠገቡ አኖረለት። ለዚህ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም። የእኛ ልጆች ደግሞ ሁለቱም፣ ሦስቱም ቋንቋ አፋቸው ላይ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ የሚሰዳደቡት እንኳ በሦስቱም ነው። አንድ ገጽ ላይ ሲጽፉት ብቻ ለምን ነውር ይሆናል?

ለወላጆች ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ልጃችሁ የጻፈውን ከመቀማታችሁ በፊት አስነብቡት። ምናልባት በቃል የማይነግራችሁን እዚያ ጽፎታል። ሁለተኛ፣ ለፈተናውም ለግጥሙም ሰዓት አውጡለት፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ውስጥ ይበቃሉ። ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣ የዘመድ ልጅ ቤታችሁ ሲያርፍ «አማርኛህ ይስቃል» እያላችሁ አታሸማቅቁት። ስልኩ ውስጥ የሚሰማውን አሰማን በሉት። በዚያ በኩል አገሩን ፈልጎ ሊሆን ይችላልና።

ለጎረቤቴም አንድ ቃል አለኝ፤ ጋዜጣውን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ጌታዬ፣ ልጅዎ አንዱን ወገን ጥሎ ሌላውን አላነሳም። ሁለቱንም ነው የተሸከመው፤ ያውም በአንድ እስክሪብቶ። ያን ደብተር ያውርዱለት።